ለካሜራማኑ ለአቶ ራምዚ፦ እንኳን ለሰርግዎ አበቃዎት

ለተከበሩ አቶ ራምዚ፣
የ«አይነ ግቡ ፎቶና ቪዲዮ» ባለቤት፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ዋና ካሜራማንና የድሮን አብራሪ፣
ወልቂጤ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ ቀጥሎም የካሜራዎን፣ የባለ ሦስት እግር መቆሚያዎን፣ የባትሪዎችዎንና በተለይም የድሮንዎን ደህንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከፍሬሙ ውጭ ሆነን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሳምንት ከጉብሬ ወደ ወልቂጤ በሚኒባስ ስመጣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ እኛ ቤት ሰርግ ሲያወሩ መስማቴ ነው። አንደኛዋ «የሰልሚያ ሰርግ እንዴት ነበር?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሌላዋ «ኧረ ተይኝ እቴ፣ ሰርጉ እኮ የካሜራማኑ ነው የነበረው!» ብላ መለሰችላት። እኔ የሰማሁትን ቃል እንዳለ የምቀበል ሰው ነኝ። ሰርጉ የእርስዎ መሆኑን በዕለቱ የነገረኝ ባለመኖሩ፣ በስህተት የወንድሜን ልጅ ሰልሚያን አቅፌ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብያታለሁ፤ ባሏን ሙስተፋንም ትከሻውን መታ መታ አድርጌዋለሁ። ለዚህ ድፍረቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዘግይቼም ቢሆን ተገቢውን ምኞት ለተገቢው ሰው አቀርባለሁ፦ እንኳን ለሰርግዎ አበቃዎት። በጣም ያማረ ነበር። በዚያው ዕለት፣ በዚያው ግቢ፣ እኛም ልጅ ልንድር አስበን ስለነበር ትንሽ ቦታ ካጣበብንብዎ አውቀን አይደለም።

ሰልሚያ ማን እንደሆነች ምናልባት ላያስታውሱ ይችላሉ፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳ መሀል ላይ የነበረችው ናት። አባቷ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው ያረፈው። ከዚያ ወዲህ ያሳደጓት አያቷ፣ የእኔ አባት አቶ አብዱልሃፊዝ ናቸው። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ካሳደገቻት ቤት ደፍ አልፋ የምትወጣው ያሳደጋት ሰው መርቆ ሲሸኛት ነው። ሽማግሌዎች ከእንሰት በተሠራው ምንጣፍ፣ በጅባው ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ ሌላው አሚን ይላል፤ ልጅቱ ትወጣለች። ከሰርጉ የምንፈልገው ይህን ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ፣ ክትፎው ሳይቀር፣ ተጨማሪ ነው። «ክትፎው ሳይቀር» ብሎ የሚጽፍ ጉራጌ ምን ያህል ቢቸግረው እንደሆነ መቼም ይረዱልኛል።

አባቴ ካለፈው ወር ጀምሮ አታት ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሞቹ ነገሩን ሰምተው ለዚያች እሁድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ፈቃድ ሰጧቸው። ይህን ለእርስዎ አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ፤ ደጋግሜም አስታውሼዎታለሁ። አሁን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም፤ ወደ ምስጋናዎቼ ስገባ ሰዓቱን እንዳንረሳው ብዬ ነው።

ምስጋና አንደኛ፤ ለመርሐ ግብሩ።

ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በፊት «እንከን የለሽ የሰርግ ቀን፣ ጥራት ላለው ፎቶ» የሚል ባለ ሦስት ገጽ ጽሑፍ በቴሌግራም ልከውልናል። በዕድሜዬ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ይህን ያህል በራሱ የሚተማመን ጽሑፍ ግን አልገጠመኝም። «1፡00፦ ጫማ (ብቻውን)። 1፡20፦ ቀለበት (ቅጠል ላይ)። 1፡40፦ ሙሽራዋ በመስኮት ስታይ (ምንም ሳታይ)።» ሰው ሳይነቃ ጫማው ተነሥቶ ሥራ ላይ የሚውልበት ሰርግ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሁሉ ልብ የነካኝ ግን «ከ3፡10 እስከ 3፡15፦ የእናት እንባ» የሚለው መስመር ነው። የሰልሚያ እናት ዘይባ የታዘዘችውን የምትፈጽም ሴት ናት። ከንጋት ጀምሮ ልጇን ባየች ቁጥር እንባዋ ቢመጣባትም፣ ያለ ሰዓቱ አላባክነውም ብላ ስትውጠው አረፈደች። ሰዓቱ ሲደርስ መስኮቱ አጠገብ አቆሟት። ረዳትዎ ወይዘሪት ዮርዳኖስ ትሁት ልጅ ናት፤ «እማዬ፣ አሁን» አለቻት በቀስታ። ዘይባ ሞከረች፤ አልመጣም። «ልጅሽ እኮ ልትሄድብሽ ነው» ብላ ብታስታውሳት «አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ ቆይ፣ እየሞከርኩ ነው» አለቻት። በመጨረሻ የዓይን ጠብታ መድኃኒት ከሚዜዎቹ ቦርሳ ተገኝቶ ጉዳዩ በሰዓቱ ተፈጸመ። እውነተኛው እንባ የመጣው ሰባት ሰዓት ግድም፣ ማድቤት ውስጥ ጎመን ስትከትፍ ነው። በዚያን ጊዜ እርስዎ የኬኩን ጎን እያነሡ ስለነበር አላዩትም። ጎመኑ ትንሽ ጨው በዝቶበት ነበር ይባላል።

ምስጋና ሁለተኛ፤ ሙሽራው ሦስት ጊዜ ስለመጣ።

ሙስተፋና ሰርገኞቹ ከቡታጅራ የተነሡት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ አንዴ ብቻ መድረስ ለእነሱም ኪሳራ እንደሆነ የተረዱት እርስዎ ብቻ ነዎት። በመጀመሪያው መምጣታቸው ፀሐይ ሌንሱ ውስጥ ገባች፤ ተመለሱ። በሁለተኛው አንድ አጎት ካሜራውን አይቶ እጁን አውለበለበ፤ ተመለሱ። በሦስተኛው የሰፈሩ ውሾች እንኳ እነዚህስ የቤት ሰው ናቸው ብለው መጮህ ተዉ። በር ላይ ቆመው ሰርገኛውን በዘፈን የሚከለክሉት ልጃገረዶች ሁለት ጊዜ ከልክለው ሁለት ጊዜ አስገብተው ስለነበር፣ በሦስተኛው መሪያቸው ፈትሂያ ወገቧን ይዛ «ግቡ በቃ ግቡ! እግራችን አብጧል፣ ልጅቷንም ውሰዱ!» አለች። ከመቼውም ይልቅ ከልብ የተነገረው የሰርግ ንግግር ይህ ነበር፤ በቪዲዮው ላይ ግን እዚያ ቦታ የፒያኖ ሙዚቃ ገብቷል።

ምስጋና ሦስተኛ፤ ስለ ክትፎው።

በዚህ ነጥብ ላይ አሳጥራለሁ፣ ቁስሉ ገና ነውና። ሰው ክትፎን ይጠብቃል እንጂ ክትፎ ሰውን አይጠብቅም። እርስዎ ግን ክትፎውን በጣባው እንዳለ፣ አይቡንና ጎመኑን በግራና በቀኝ አቁመው፣ ከላይ፣ ከጎን፣ ከማንኪያው ጋር፣ ያለ ማንኪያው፣ አርባ ደቂቃ አነሡት። እንግዳው እጁን ታጥቦ፣ እጁን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ ከተሠራው ዳስ ብቅ ብለው የሚያዩት፣ የሙስተፋ የቡታጅራ ጎረቤት መምህር ሀብቴ፣ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ «ምነው፣ ክትፎው ፓስፖርት ሊያወጣ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልሳቀም። ቅቤው ሲረጋ እያየ የሚስቅ ጉራጌ የለም።

ሆኖም ፎቶው ቆንጆ ነው። ክትፎው ከሙሽራው ይልቅ ዘና ብሎ ወጥቷል።

ምስጋና አራተኛ፤ አባቴን ከከባድ ፀሐይ ስለጠበቁልኝ።

አባቴ በአራት ሰዓት ደረሱ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው ከሚኒባሱ ወርደው፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ጅባው ላይ ወደተቀመጡበት ሄዱና አረፍ አሉ። እኛ አላዋቂዎቹ ነገሩ በዚያው የሚያልቅ መስሎን ነበር፤ ሽማግሌው አሉ፣ ልጅቱ አለች፣ አላህ መቼም በሁሉም ቦታ አለ። እርስዎ ግን ሁለት ጉድለት አዩ። አንደኛው የጅባው ቀለም ነው፤ ከሰርጉ ቀለም ጋር አይሄድም ተብሎ ተጠቀለለ፣ ሽማግሌዎቹም ከከተማ በመጣ ወርቃማ እግር ባለው ቀይ ወንበር ላይ ተደረደሩ። ጉልበታቸው መሬት የለመደ ሰዎች በዚያ ወንበር ላይ ሆነው ፍርድ የሚጠብቁ ተከሳሾች መሰሉ። ሁለተኛው ብርሃኑ ነው። በመርሐ ግብርዎ ገጽ ሦስት ላይ «10፡30፦ የአያት ምርቃት (በወርቃማው ብርሃን)» ተብሎ ተጽፏል።

የአባቴ ፈቃድ በዘጠኝ ሰዓት እንደሚያልቅ እንደገና ባስታውስዎ፣ እጅዎን በትከሻዬ ላይ አድርገው «ጋሼ፣ ሰዓቱን እኮ እኔ አይደለሁም ያወጣሁት፣ ፀሐይዋ ናት፤ አሁን ካነሣኋቸው ዓይናቸው ሥር ጥላ ይወድቃል» አሉኝ። እውነትዎን ነው። የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ዓይን ሥር ጥላ ታየ ቢባል ቤተሰቡ በምን ፊቱ ይወጣል? ከብዙ ልመና በኋላ ከፀሐይዋ ጋር ተነጋግረው ወደ ስምንት ሰዓት ተኩል ዝቅ አደረጉልን። ከዚያ በፊት ግን ሃያ ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ትንሽ ሥራ በጀፎረው ላይ አለኝ አሉ።

ጀፎረ ምን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ነው፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ግን ከሌላ አገር ለሚያነብ ላስረዳ። ፊት ለፊት በተሰለፉት የመንደሩ ቤቶች መሀል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። እዚያ ላይ እንዳኛለን፣ እናለቅሳለን፣ እንድራለን፣ ከብት እናሳልፋለን። ድንበሩን አንድ ክንድ የገፋ ሰው በሽማግሌ ፊት ይቆማል። ከጥንት ጀምሮ ባዶውን ያላደረ፣ ሁልጊዜም ሰው የማያጣው ስፍራ ነው። እርስዎ በአንድ ድምፅ ማጉያ ባዶ አደረጉት።

«ከፍሬሙ ውጡ!» ተባለ። ወጣን። «አሁንም ፍሬም ውስጥ ናችሁ!» ተባለ። እንደገና ወጣን። ችግሩ ፍሬሙ፣ ማለትም ካሜራው የሚያየው ስፍራ፣ የት ላይ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። የመሬት ድንበር ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱን ድንጋይ ከነታሪኩ እናውቀዋለን። ይህ ግን የማይታይ ድንበር ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ በሰው ድንበር ውስጥ ቆሞ ከመገኘት ሞቱን ይመርጣል። ስለዚህ ሁሉም በይሉኝታ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደኋላ አፈገፈገ። አንዱ ሌላውን «ፍሬሙ እዚህ ይደርሳል?» ይለዋል፤ ያኛውም ስለማያውቅ «ለማንኛውም ከዛፉ ወዲያ እንሁን» ይለዋል። እህቴ ባሂራ «ካሜራው ማዶ ድረስ ያያል ይባላል፤ ምን አደከመኝ፣ ቤቴ ልግባ» ብላ ገብታ በሯን ዘጋች። ጎረቤታችን ሳሌሃ ጭሱ ሄዶ ፍሬሙ ውስጥ እንዳይገባባት ምድጃዋን በውኃ አጠፋች። ሦስት ላሞች ይነዳ የነበረ ሰው እየራቀ፣ እየራቀ ጎረቤት መንደር ደርሶ ምሳውን እዚያ በልቷል። ከሁለት መቶ የማያንስ እንግዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከገዛ ራሱ ሰርግ ተነነ። ሙስተፋ ዞር ብሎ «ሰዉ የት ሄደ?» ሲል ሰልሚያ «እኔ እንጃ፣ ዝም ብለህ ፈገግ በል» አለችው። በአልበሙ ገጽ አርባ ላይ ያለው ፈገግታ እርሱ ነው።

አባቴ በዚህ ጊዜ ቀዩን ወንበር ትተው፣ የተጠቀለለውን ጅባቸውን አስዘርግተው፣ በጀፎረው ዳር ዛፍ ሥር ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። ስምንት ተኩል አለፈ። የፍሬሙ አዋጅ እሳቸውም ዘንድ ደረሰ። አንድ ትሁት ዘመድ እጃቸውን ይዞ አነሣቸው። «ወዴት ነው?» አሉት። «ከፍሬሙ እንውጣ፣ አባባ» አላቸው። «የማን ነው እሱ?» አሉት። «የካሜራው ነው።» «እስከ የት ይደርሳል?» «ትንሽ እንሂድ፤ ሲበቃ ይነግሩናል።» የነገራቸው አልነበረም። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ሲሉ የጀፎረው መጨረሻ ላይ፣ ሚኒባሱ የቆመበት ደረሱ። እዚያ ሾፌሩ ሰዓቱን አይቶ «ዘጠኝ ሊል ነው፣ ጋሽ አብዱልሃፊዝ፤ ቃል ገብተናል» አላቸው።

ድሮንዎ በዚያን ሰዓት በላያቸው ነበር። አባቴ ቀና ብለው አይተውት «ይሄ ንብ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። «ካሜራ ነው፤ ሁሉንም ይቀዳል» ተባሉ። «የምንናገረውንም?» «አዎ፣ ሁሉንም።» ይህን የነገራቸው ሰው ስለ ድሮን የሚያውቀው እኔ ስለ ጨረቃ የማውቀውን ያህል ነው፤ አባቴ ግን ልክ እንደ እኔ የሰሙትን ቃል እንዳለ የሚቀበሉ ሰው ናቸው። ወደ ልጅቱ ዞሩ። ከዚያ ርቀት ሰልሚያ ሣሩ መሀል የወደቀች ነጭ ላባ ነበር የምትመስለው። እጃቸውን ዘረጉ፣ ፊታቸውን ወደ ንቡ ቀና አደረጉ፣ መረቁም። ረጅም ምርቃት እንደነበር ታማኝ የዓይን ምስክር ነግሮናል፤ ስንት ዓመት ያዘጋጁትን ነው። ሲጨርሱ ፊታቸውን በመዳፋቸው ዳብሰው ሚኒባሱ ላይ ወጡና ወደ አታት ተመለሱ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ በድምፅ ማጉያው «አያት! አያት ይቅረቡ!» ተባለ። ወይዘሪት ዮርዳኖስ ወረቀቷ ላይ «አያት፦ የሉም» ብላ ጻፈች። ሰልሚያ ደፉን አልፋ ስትወጣ ወደ ባዶው ጅባ ዞር ብላ አየች። እርስዎ ያችን ቅጽበት አላሳለፏትም፤ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ «ናፍቆት» የሚል ርእስ ሰጥተዋታል።

ምስጋና አምስተኛ፣ የመጨረሻውም፤ ስለ ልቦቹና ስለ ሣሩ።

ቪዲዮው ሲደርሰን መላው ቤተሰብ ተሰብስቦ አየው። ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ድሮኑ ከፍ ይላል፤ ጀፎረው ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ በላይኛው ግራ ጥግ ላይ አንድ ነጭ ሚኒባስ፣ አጠገቡም አንድ ነጭ ነጥብ ብቅ ይላል። ሰልሚያ «አባባ!» ብላ ብድግ አለች። በዚያው ቅጽበት ከዚያው ጥግ ሁለት ቀይ ልቦች እየተሽከረከሩ መጥተው «ሰልሚያና ሙስተፋ ለዘላለም» የሚለውን ጽሑፍ ይዘው ቁጭ አሉበት። ዘላለሙ ሦስት ደቂቃ ተኩል ቆየ። ልቦቹ ሲነሡ ሚኒባሱም የለም።

አልበሙ ላይ ደግሞ ይኸው ፎቶ በሁለት ገጽ ተዘርግቷል። እዚያ ልብ የለም፤ ሚኒባሱ የፎቶውን ውበት ያበላሻል ብላችሁ በኮምፒውተር አጥፍታችሁታል፤ አባቴም ከሚኒባሱ ጋር ሄደዋል። እሳቸው ቆመው በነበሩበት ቦታ ሣር በቅሏል። አቶ ራምዚ፣ በእኛ ልማድ አንድ ሰው ባለበት ላይ ሣር እንዲበቅል መጀመሪያ ሰውየው እስኪሞት፣ ቀጥሎም ክረምት እስኪገባ እንጠብቃለን። የእርስዎ ቴክኖሎጂ ሁለቱንም አስቀርቶልናል።

አሁን ወደ ጉዳዬ።

ሰልሚያ ከቡታጅራ ድረስ ሦስት ጊዜ ወደ ስቱዲዮዎ መጥታለች። የምትፈልገው ያልተቆረጠውን፣ ልብ ያልተደረገበትን ጥሬ ቪዲዮ ነው፤ ያውም ሁሉንም አይደለም፣ ያን ጥግ ብቻ። ወይዘሪት ዮርዳኖስ በትሕትና «ጥሬው አይሰጥም እህቴ፣ የስቱዲዮው ስም ይበላሻል» ብላታለች። ደግሞም «ድሮን እኮ ድምፅ አይቀዳም» ብላ አስረድታታለች። ሰልሚያ «ድምፁን አልፈለግሁም፤ እጃቸውን ልየው። ከቻልኩ ደግሞ ከንፈራቸውን አየዋለሁ፤ ያሳደጉኝ ሰው ናቸው፣ ምን እንዳሉ አላጣውም» ብትል፣ ይህ በፖሊሲያችሁ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ።

አያትሽን ራሳቸውን ለምን አትጠይቂም ይሉ ይሆናል። ጠይቃለች። ሰርጉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን አልጋቸው አጠገብ ተንበርክካ «አባባ፣ እንደገና መርቁኝ» አለቻቸው። እጇን ይዘው ሳቁ። «ሰጥቼሻለሁ እኮ፤ ያ ንብ ወስዶታል። ሁለተኛ ብሰጥሽ የመጀመሪያው አልደረሰሽም ማለት አይሆንም? ደርሶሻል። ቪዲዮው ላይ ስሚው» አሏት። ድሮን ድምፅ እንደማይቀዳ ልትነግራቸው አልደፈረችም። ቪዲዮው ላይ በላያቸው ልብ እንደሚሽከረከር ደግሞ ማንም ሊነግራቸው አይደፍርም። እስካሁን እዚያው አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ሐኪሞቹ ስለ ሁለተኛ ፈቃድ አያነሡም፤ እኛም አንጠይቅም።

በስቱዲዮዎ ግድግዳ ላይ፣ ከደንበኞች ፎቶ በላይ፣ «ጥሬ ፋይል ከ30 ቀን በኋላ ይጠፋል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሃያ ሰባተኛው ቀን ነው። በድብቅ ብጽፍልዎ በሥራ ብዛት ሊያልፉት ይችላሉ ብዬ ስለሰጋሁ ነው በግልጽ የጻፍኩት። የረመዳን ጨረቃ ከመውጣቷ በፊት ዞኑ በሙሉ እየተጋባ እንደሆነ፣ እርስዎም በየእሁዱ አራት አራት ሰርግ እያገቡ እንደሆነ አላጣሁትም።

ስለዚህ የምለምንዎት ይህን ብቻ ነው፦ ያን ጥግ አይሰርዙት። ስምዎ እንዳይበላሽ ብለው ከሰጉ ለማንም ላናሳይ እንምላለን። ቅርጹ ይንሻፈፍ፣ ብርሃኑ ይክፋ፣ ዓይናቸው ሥር ያሻውን ያህል ጥላ ይውደቅ፣ ቅር አይለንም። ከፈለጉ ልቦቹን እርስዎ ያስቀሯቸው፤ ለሌላ ሰርግ ይሆናሉ።

ፍሬምዎ ይስፋ። ባትሪዎ አይድከም። ፀሐይዋ እንደ እስካሁኑ ትታዘዝዎ። ጫማ ሁሉ በሰዓቱ ይነሣልዎ፣ እናት ሁሉ በተመደበላት አምስት ደቂቃ ታልቅስልዎ። እስከዚያው ድረስ፣ ከፍሬሙ ውጭ፣ ከዛፉ ወዲያ፣ ሲበቃ እስኪነግሩኝ ድረስ ወደኋላ እያፈገፈግሁ ባለሁበት ቦታ ሆኜ ወደር የሌለውን አክብሮቴን እገልጻለሁ።

ሙባሪክ አብዱልሃፊዝ
የሙሽራዋ አጎት

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ዘይባ (እንባዋ ሲመለስ)
ለመምህር ሀብቴ፣ የክትፎውን ፓስፖርት ጉዳይ ለሚከታተሉት፣ ቡታጅራ
ለሰልሚያ፣ ቡታጅራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በበርዎ ላይ «ምንም አያመልጠንም!» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። መጀመሪያ ሳነበው ስቄ ነበር፤ አሁን ግን እውነት እንዲሆን የምጸልይ ደንበኛዎ ነኝ። ጥጉን ሲፈልጉ እንዳይቸገሩ ምልክቱን ልንገርዎ፦ ነጭ ሚኒባስ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ከጎናቸው ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው። ግራጫ ኮት የለበስኩት እኔ ነኝ። አባቴን እጃቸውን ይዤ ከፍሬሙ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ምን እንዳሉ ሰልሚያ ጠይቃኛለች። አልሰማሁም፤ ከፍሬሙ መውጣታችንን ለማወቅ ቀና ብዬ ድሮኑን እያየሁ ነበር። አሚንም አላልኩም።